አልነሳ ያለ ወይም እየተነሳ የሚጠፋ የአትክልት ቦታ ሞተር፦ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

ገመዱን አሥር ጊዜ ስባችሁት ያልተነሳ ሞተር ሠላሳ ጊዜ ብትስቡትም አይነሳም። ትርፉ የትከሻ ሕመምና በቤንዚን የታፈነ ሲሊንደር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ደግሞ ይብሳል፦ ሰው ይናደድና ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ማውጫ) እንኳ ሳያይ በቀጥታ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ይፈታል። አንዲት ትንሽ ሞላ ሣር ውስጥ ትጠፋለች፤ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ይህ መመሪያ ለሣር ማጨጃ፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለትንሽ ማረሻ፣ ለሰንሰለት መጋዝና ለመሳሰሉት በገመድ ለሚነሱ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች ነው። ደረጃ አትዝለሉ። ቀላሉና ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ከፊት፣ መፍታት የሚጠይቀው ከኋላ ተቀምጧል።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ የሞተራችሁን ዓይነት ለዩ። የሞተር ዘይት ለብቻው የሚሞላበት ክዳን ካለው ፎር ስትሮክ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ ከሆነ ቱ ስትሮክ ነው። የሰንሰለት መጋዝ ላይ የምታዩት ሁለተኛ ክዳን የሰንሰለቱ ማለስለሻ ዘይት መሙያ ነውና አያሳስታችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦
- የካንዴላ ቁልፍ፤ ልኩ ብዙ ጊዜ 16፣ 19 ወይም 21 ሚሊ ሜትር ነው
- 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ፒንሳ
- የክፍተት መለኪያ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ
- የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ እና የዓይን መከላከያ መነጽር
- ቤንዚን የማያሟሟው ግልጽ ዕቃ
- ለሞተሩ የሚሆን አዲስ ካንዴላ

ካንዴላ ርካሽ ዕቃ ነው፤ አሮጌውን ስትጠራጠሩ ከመዋል አዲሱን ሞክራችሁ መለየት ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥራውን ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ሥሩ። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት አጠገባችሁ አይኑር። ቢላው ወይም ሰንሰለቱ አጠገብ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ከካንዴላው አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ቢላውን በእጅ ስታዞሩት ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። የሣር ማጨጃውን ማጋደል ካለባችሁ ካርቡሬተሩና የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ በሚሆኑበት ጎን አጋድሉ። በተቃራኒው ካጋደላችሁት ዘይቱ ወደ ፊልትሮው ይፈስና አዲስ ችግር ትፈጥራላችሁ።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትፈቱ የሚታዩ ነገሮች

1. የማጥፊያ ማብሪያው “በርቷል” ላይ መሆኑን እዩ።
2. የነዳጅ መዝጊያውን ክፈቱ።
3. ቀዝቃዛ ሞተር ከሆነ ቾኩን (የአየር መግቢያ ማጥበቢያውን) ዝጉ፤ ከሥራ ላይ የጠፋ ትኩስ ሞተር ከሆነ ክፈቱት።
4. ቤንዚን መኖሩን በመገመት ሳይሆን ክዳኑን ከፍታችሁ አረጋግጡ።
5. ፎር ስትሮክ ከሆነ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ የዘይቱን ልክ እዩ።
6. የሣር ማጨጃ ከሆነ እጀታው ላይ ያለውን የደኅንነት ማንሻ እስከ መጨረሻው ጨብጡ።

አምስተኛው ብዙ ሰው ያደክማል። የፓምፕና የማረሻ ሞተሮች በብዛት ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ሞተሩ ራሱን ለማዳን ነው የጠፋው፤ እናንተ ግን ካንዴላ ትቀይራላችሁ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ሞተሩ ተዳፋት ላይ ከቆመ ያው መቆጣጠሪያ ሊያጠፋው ይችላል።

አንደኛውን ደግሞ አትናቁት። እኔ ራሴ አንድ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ካርቡሬተር ስፈታና ስገጥም ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ማብሪያው ከመጀመሪያው ጀምሮ አለመብራቱን አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ቤንዚኑን መርምሩ

ሞተሩ ሳይሠራ ከአንድ ወር በላይ ቆሞ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ይሄድና ሙጫ የሚመስል ቅሪት ይተዋል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል።

1. ከነዳጅ ቋቱ ጥቂት ወደ ግልጹ ዕቃ ቅዱ።
2. አምስት ደቂቃ አሳርፉትና ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት።
3. ከሥር ለብቻው የተኛ ጠብታ ወይም ንጣፍ ካለ ውሃ ነው።
4. ቀለሙ ከጠቆረ ወይም ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ አርጅቷል።

በሁለቱም ሁኔታ ሁሉንም አውጡ። አዲሱን በአሮጌው ላይ ጨምሮ “ይቀላቀላል” ማለት አይሠራም፤ ውሃው ከሥር እንደተኛ ይቀጥላል። ያወጣችሁትን ቦይም ሆነ አፈር ላይ አትድፉ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይዛችሁ ያረጀ ነዳጅ ለሚቀበል አካል ስጡ።

ለቱ ስትሮክ የቅልቅሉ ልክ የሞተሩ የነዳጅ ክዳን ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። 50 ለ 1 ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ 40 ለ 1 ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር። በዓይን ግምት አታፍስሱ። ዘይቱ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሲያንስ ወይም ጭራሽ ሲቀር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ ያ ደግሞ በካንዴላ ቅያሪ የሚመለስ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ካንዴላውን ንቀሉና አንብቡት

ቀሪው መንገድ የሚለየው እዚህ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ገመዱን ስባችሁ እንዳበቃችሁ ወዲያው ካንዴላውን ንቀሉ፤ ቆይታችሁ ከነቀላችሁት ቤንዚኑ ተንኖ ይዋሻችኋል። ከመንቀላችሁ በፊት ዙሪያውን ያለውን አፈርና ሣር ጥረጉ፤ ካልሆነ ቆሻሻው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ካንዴላው እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ፦ ነዳጅ ደርሷል። ወይ ሞተሩ ታፍኗል፣ ወይ እሳት የለም። መጀመሪያ ማፈኑን አስወግዱ፦
1. ካንዴላውን አድርቁ።
2. ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉ፤ ፊታችሁን አርቁ። የካንዴላው ገመድ ጫፍ ከቀዳዳው ርቆ የሞተሩን ባዶ ብረት መንካት አለበት።
3. ማብሪያውን አጥፉ፣ ቾኩን ክፈቱ፣ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ አድርጋችሁ ገመዱን ስድስት ሰባት ጊዜ ሳቡ።
4. 15 ደቂቃ አናፍሱት፣ ካንዴላውን መልሱ፣ ማብሪያውን አብሩና ያለ ቾክ አስነሱ።
ካልተነሳ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ፦ ነዳጅ አልደረሰም። ለማረጋገጥ በካንዴላው ቀዳዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ቤንዚን ጨምሩ፤ ለቱ ስትሮክ የተቀላቀለውን ተጠቀሙ። የፈሰሰውን ጠርጉ፣ የቤንዚኑን ዕቃ አርቁ፣ ካንዴላውን ገጥማችሁ ሳቡ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ተነስቶ ከጠፋ ትልቅ ዜና ነው፦ እሳቱም ኮምፕሬሽኑም (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው የአየር ግፊት) አለ፣ የጎደለው ነዳጅ ብቻ ነው። ደረጃ 4ን ዝለሉና በቀጥታ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ። ዝለሉ የምላችሁ እዚህ ብቻ ነው። ጭራሽ ካልተነሳ ግን ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ፦ አየር አንሶታል ወይም ቾኩ አይከፈትም። የአየር ፊልትሮውን እዩ። ስፖንጅ ከሆነ በሞቀ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁት፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አጠጥታችሁ ጭመቁት። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ መታ መታ አድርጋችሁ አራግፉት፣ በብርሃን ፊት ስታዩት ካላሳለፈ ቀይሩት።

ክፍተቱን ሳትለኩ አትመልሱት። ብዙ ፎር ስትሮክ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8፣ ቱ ስትሮኮች ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። ስትመልሱት መጀመሪያ በእጅ ብቻ አጥብቁ። በእጅ አልገባ ካለ ጥርሱ ተዛንፏልና ወደ ኋላ አዙራችሁ እንደገና ጀምሩ። ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ካንዴላ ግማሽ ዙር፣ ያገለገለ ከሆነ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ይበቃዋል። የሲሊንደሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፤ በጉልበት የገባ ካንዴላ የቀዳዳውን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ እሳት አለ?

1. የቤንዚን ዕቃውን አርቁ፣ የፈሰሰውን ጥረጉ። የካንዴላውን ቀዳዳ በሌላ ካንዴላ ወይም በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኑ።
2. የካንዴላውን ገመድ ከነቀላችሁት ካንዴላ ጋር አገናኙ።
3. የካንዴላውን የብረት አካል ከቀዳዳው አርቃችሁ ቀለም ካልተቀባ የሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ። ባዶ እጃችሁን አትጠቀሙ፤ እጀታው ጎማ የለበሰ ፒንሳ ያዙ።
4. ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ማብሪያውን አብሩ፣ ሌላ ሰው ገመዱን ይሳብ።

የሣር ማጨጃ ከሆነ ረዳታችሁ የደኅንነት ማንሻውን ካልጨበጠ እሳት አይመጣም። ጤነኛ ኮይል (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው ክፍል) በዚህ ምክንያት ብቻ ሲጣል አይቻለሁ።

ሰማያዊ፣ ጠንካራና በእያንዳንዱ ስበት የሚታይ እሳት ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ፣ ወይም ከሌለ፣ በአዲሱ ካንዴላ ድገሙት። አሁንም ከሌለ ከማብሪያው ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ቀጭን የማጥፊያ ሽቦ ነቅላችሁ ሞክሩ። እሳቱ ከተመለሰ ኮይሉ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ማብሪያው ላይ፣ የተላጠ ሽቦ ላይ ወይም የዘይት መቆጣጠሪያው ላይ ነው። ይህን ሽቦ ነቅላችሁ ሞተሩን አታስነሱ፤ በማብሪያው ማጥፋት አትችሉም።

ሽቦው ተነቅሎም እሳት ከሌለ ሽፋኑን አንስታችሁ በኮይሉና በቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሚዞረው ከባድ መንኮራኩር) ማግኔት መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። የብዙ ሞተሮች ልክ ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ የኮይሉን ብሎኖች አላሉ፣ መለኪያውን መሐል አስገቡ፣ ማግኔቱ ኮይሉን እንዲስበው አድርጋችሁ አጥብቁ። ከዚህ በኋላም ካልሰጠ ኮይል ቀይሩ።

ደረጃ 5፦ ነዳጁ የት እንደቆመ ፈልጉ

መዝጊያውን ዝጉ፣ ካርቡሬተሩ ላይ የሚገባውን ጎማ ነቅላችሁ ግልጹ ዕቃ ውስጥ አስገቡ፣ መዝጊያውን ክፈቱ። ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት።

ጭራሽ ካልወረደ ወይም ጠብ ጠብ ካለ የቋቱን ክዳን አላሉ። ክዳኑ ሲላላ መውረድ ከጀመረ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው፤ አጽዱት፣ አበቃ። ክዳኑ ላይ ካልሆነ ከቋቱ መውጫ ያለውን ወንፊትና መስመሩ ላይ ያለውን የነዳጅ ፊልትሮ እዩ። ቱ ስትሮክ መሣሪያ ላይ ቤንዚን የሚወርደው በራሱ ክብደት ሳይሆን በካርቡሬተሩ ስበት ስለሆነ ይህ ፍተሻ አይሠራም፤ በምትኩ ቋቱ ውስጥ ያለውን ፊልትሮ በሽቦ መንጠቆ አውጥታችሁ እዩት፣ ጎማዎቹ አለመሰንጠቃቸውን በጣታችሁ እያጠፋችሁ ፈትሹ። በጣት የሚጫነው የጎማ ፊኛ ተጭኖ ካልተመለሰ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት፤ ከነዳጅ ይልቅ አየር ይስባል።

ደረጃ 6፦ ካርቡሬተሩ

ነዳጅ እስከ ካርቡሬተሩ እየደረሰ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ፣ አሁን መፍታት ይገባል። በመጀመሪያ በስልካችሁ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ ሞላዎቹና ቀጫጭን ዘንጎቹ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደገቡ ይታይ። ፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሞላ አትለጥጡ፣ ቀዳዳውንም አትቀይሩ፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ከዞረ ሊሰበር፣ ቢላውም ሊወረወር ይችላል።

ከሥር ጽዋ ላለው ካርቡሬተር፦

1. መዝጊያውን ዝጉ፤ ከሌለ ጎማውን በመቆንጠጫ ያዙት።
2. ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። የጽዋውን ብሎን፣ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር፣ ፍቱና ጽዋውን አውርዱ።
3. ጽዋው ውስጥ ያለውን እዩ። እንደ ዶቃ የሚንከባለል ጠብታ ውሃ ነው፤ የተጋገረ ቡናማ ነገር የአሮጌ ቤንዚን ቅሪት ነው።
4. የተንሳፋፊውን ዘንግ በቀስታ ገፍታችሁ ተንሳፋፊውንና መርፌውን አውጡ። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል፣ ቀይሩት። የመርፌው ጫፍ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለበት እሱም ይቀየር።
5. መሐል ላይ ያለውን ዋናውን ጄት፣ ማለትም መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የናስ ብሎን፣ ልኩ በሆነ ካቻቪቴ ንቀሉ። በአንዳንድ ሞተር ጄቱ ራሱ የጽዋው ብሎን ላይ ነው፤ የብሎኑን ጎን ቀዳዳዎች እዩ።
6. ጄቱን ወደ ሰማይ አዙራችሁ እዩበት። ብርሃኑ ክብና ጥርት ያለ መሆን አለበት።
7. ጎማና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ አውጥታችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ማጽጃውን በየቀዳዳው ንፉ። በአንዱ የገባው በሌላው ሲወጣ እዩ።
8. ከላይ ያለችውን የዝቅተኛ ፍጥነት ጄት አትርሱ። ቀዳዳዋ ከዋናው በጣም ስለምትጠብ የምትደፈነው ቀድማ ነው።

የተደፈነ ጄት በብረት ሽቦ ወይም በመሰርሰሪያ አትውጉ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ሞተሩ ለዘለቄታው ቤንዚን ይበዛበታል። የናይለን ክር ወይም ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ፀጉር ትበቃለች።

ገጥማችሁ መዝጊያውን ስትከፍቱ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቤንዚን ከፈሰሰ መርፌው አልተቀመጠም፤ የጽዋውን ጎን በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ካላቆመ ፈትታችሁ የመርፌውን መቀመጫ አጽዱ። እየፈሰሰ አታስነሱ።

የሰንሰለት መጋዝ ካርቡሬተር ጽዋ የለውም፤ ሥራውን የምትሠራው ስስ የጎማ ሽፋን ናት። ሽፋኗ ከደረቀች ወይም ከተጨማደደች በጥገና ጥቅል ቀይሯት፤ ሽፋኗና ጓርኒሲዮኗ (በሁለት ክፍሎች መካከል የምትገባው ማሸጊያ) የሚነባበሩበትን ቅደም ተከተል ሳታዩ ግን አታንሱ። የማስተካከያ ብሎኖች ካሉት እያንዳንዱ በቀስታ እስኪቀመጥ ስንት ዙር እንደሚሄድ ቆጥራችሁ ጻፉ፣ ወደዚያው ልክ መልሱ።

ደረጃ 7፦ እሳትም ነዳጅም አለ፣ አሁንም አይነሳም

ቢላው ድንጋይ ወይም ጉቶ መትቶ ነበር? እንግዲያው ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታስተካክለው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ተቆርጣ ይሆናል። ሽብልቋ ስትቆረጥ እሳቱ ያለ ጊዜው ይመጣል፤ ምልክቱ ገመዱ ከእጅ መንጠቁ ወይም ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ማስነጠሱ ነው። ቮላኖውን በመንቀያ አውጡ፤ በመዶሻ አትምቱት። በግማሽ የተሸረፈች ሽብልቅም ጥፋት ናት።

ሌላው ኮምፕሬሽን ነው። ካንዴላውን ንቀሉ፣ ማብሪያውን አጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ከብረት ጋር አስነኩ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣት ደፍናችሁ ገመዱን ሳቡ። አየሩ ጣታችሁን ገፍቶ መውጣት አለበት። ብዙ ፎር ስትሮኮች ሲነሱ ግፊቱን የሚቀንስ መሣሪያ ስላላቸው ትንሽ ደካማ ቢመስል አትደንግጡ፤ ምንም ካልተሰማችሁ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምራችሁ ድገሙት። ግፊቱ ከተሻለ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል። ካልተለወጠ ቫልቭ አልዘጋ ብሏል ወይም የሲሊንደሩ ራስ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በመመሪያው ልክ ይስተካከላል። ቀለበት መቀየር ግን ልምድ ላለው መካኒክ ተዉት።

ተነስቶ የሚጠፋ ከሆነ

መቼ እንደሚጠፋ ልብ በሉ፤ ሰዓቱ ጥፋቱን ይናገራል።

ቾኩ ሲከፈት ወዲያው የሚጠፋ፦ ነዳጅ አንሶታል ወይም መግባት የሌለበት አየር ይገባዋል። ደረጃ 6ን ሥሩ። ጄቶቹ ንጹሕ ከሆኑ በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን እዩ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ።

ከፍ ዝቅ እያለ የሚንተፋተፍ፦ ብዙ ጊዜ የዝቅተኛ ፍጥነት ጄቷ ናት። ሰው ግን የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሞላ ይነካካል።

ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ፦ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ የሚለዩትም በጠፋበት ቅጽበት ነው። ወዲያው የቋቱን ክዳን ክፈቱ፤ አየር “ፉስ” ብሎ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ መተንፈሻው ነው። ካልተነሳ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ በደረጃ 4 መንገድ እሳት ፈትሹ፤ ሲሞቅ እሳት የማይሰጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚሰጥ ኮይል ውስጡ ተበላሽቷል። ለዚህ አዲስ ካንዴላ ይዛችሁ ጠብቁ፤ የጋለውን መንቀል እጅ ያቃጥላል።

ባዶውን ደኅና፣ ሥራ ሲነካ የሚጠፋ፦ የአየር ፊልትሮውንና ዋናውን ጄት እዩ። ቱ ስትሮክ ከሆነ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ያለችውን የብልጭታ መከላከያ ወንፊት አውጡ። ጥላሸት ደፍኗት ከሆነ ሞተሩ መተንፈስ አይችልም። በሽቦ ብሩሽ አጽዷት፣ ግን መልሷት፤ ያለ እሷ የሚወጣ ብልጭታ ደረቅ ሣር ያቃጥላል።

በእነዚህ ሁሉ ማስነሻ ስፕሬይ ለመንፋት አትቸኩሉ። በተለይ ቱ ስትሮክ ላይ ዘይት የሌለው ነገር እየነደደ ፒስተኑ ሳይለሰልስ ይዞራል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አምስት ደቂቃ ባዶውን፣ አሥር ደቂቃ ሥራ ላይ አቆዩት፤ ከዚያ አጥፍታችሁ ትኩሱን እንደገና አስነሱት። ከወር በላይ የማትጠቀሙበት ከሆነ ቋቱን ባዶ አድርጉ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ጽዋ ካለውም ከሥሩ ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን አላልታችሁ የመጨረሻዋን ጠብታ አውጡ።